የተነካ ባጃጅ ይሰረዛል

ዳኛ ሆኜ የተመረጥኩት ሰው ስለሚወደኝ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ለውድድራቸው የማያዳላ ሰው ሲያፈላልጉ አንዱ የአንዱ አጎት ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው የሌላው ክርስትና አባት፤ ሌላው ደግሞ ከሁሉም ጋር የሚጠጣ። ሲጨንቃቸው አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ጎሚስታው ይሁን! እሱ ከሁላችንም ጋር ተጣልቷል» አለ። ሳይከራከሩ አጨበጨቡ። ደብረ ማርቆስ ከኖርኩ ጀምሮ ሰው ሳይከራከር የተስማማበት ጉዳይ ይኸው የኔ ክፉነት ብቻ ነው።

አልተሳሳቱም። እኔ ጎማ ስለጥፍ አፌም አብሮ ይሠራል። «ይኼን ሙልጭ ያለ ጎማ ይዘህ ነው የሰው እናት ጭነህ የምትዞረው? ከጎማው ይልቅ አንተን ነበር መለጠፍ» እላለሁ። አንድ ሰሞን ባለቤቴ ለምናኝ ምላሴን ላለዝብ ሞከርኩ። ጠዋት የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «እሽ ጌታዬ፣ እሽ እመቤቴ» እያልኩ አስተናገድኩ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሰፈሩ ሰው ጎሚስታው ታሟል ብሎ ሊጠይቀኝ መጣ። አንዷማ ጠበል በጆግ ይዛልኝ ከተፍ አለች። ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ።

የውድድሩ ጠንሳሽ ሐጂ ሰይድ ናቸው። ሐጂ ገበያው አጠገብ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። በዚያን ሰሞን ነጂዎቹ ከሆስፒታል እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል፣ ተሳፋሪ እንደጫኑ መሽቀዳደም ልማድ አድርገውት ነበር። በሽተኛ ይዘው ሲሽቀዳደሙ በሽተኛው በድንጋጤ ድኖ፣ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ አለ። ሐጂም አንድ ቀን ተሳፍረው፣ መዞሪያው ላይ ባጃጁ ዘንበል ሲል፣ ቆባቸው በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል ወረዱ። እግዜር አትርፏቸው አቧራቸውን አራግፈው ተነሱ። በማግስቱ ነጂዎቹን ሰበሰቡ።

«ልጆቼ፣» አሉ፣ «መሽቀዳደም ካማራችሁ አንድ ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳትጭኑ ይውጣላችሁ። ላሸነፈ ከካርቶኑ ያልወጣ ሞተር እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ አስፋልት ላይ የተሽቀዳደመ ግን ከኔ ሱቅ አንዲት ብሎን አያገኝም።»

የትራፊክ ቅጣት ያላስፈራቸውን ልጆች ብሎን አስፈራቸው።

ሕጉን ያረቀቀው መምህር ጌትነት የሚባል የሐጂ ጎረቤት ነው። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የተማረ መሆኑ ብቻ ነው። ስልኩን ከፍቶ የባሕር ማዶ የመኪና እሽቅድምድም ሕግ አገኘና ወደ አማርኛ መለሰልን። ተወዳዳሪው እሳት የማያቃጥለው ልብስ ይልበስ ይላል። ልጆቹ ጋቢ እሳት ያቃጥለዋል ወይስ አያቃጥለውም ብለው እስኪደክማቸው ተከራከሩ። የራስ መከላከያ ያድርግ ይላል። አንዱ ከሕንፃ ሥራ ቢጫ ቆብ ተውሶ መጣ፤ ሌላው የእናቱን ሻሽ ጭንቅላቱ እስኪያብጥ ጠመጠመ። ከሁሉ ግን አንዲት አንቀጽ ነበረች፣ እኔን ጉድ የሠራችኝ። «ከውድድሩ ውጭ የሆነ ሰው ተሽከርካሪውን ከነካ ተወዳዳሪው ይሰረዛል» ትላለች። መምህሩ ይህችን ያስገባት በብልሃት ነው። እያንዳንዱ ነጂ የሰፈሩን ጎረምሳ ሰብስቦ፣ ዳገቱ ላይ አስገፍቶ እንዳያሸንፍ ነው።

እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር አልንቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ትዳር ከያዙ በኋላ፣ የልጅ ልጄ ከሚቀመጥበት ዓይነት አጭር አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ግማሹን እየዘለለ ነው የሚያነበው። እኔ አልዘልም። እያንዳንዷን ፊደል ላቤን አንጠፍጥፌ ነው የገዛኋት፤ የገዛሁትን ደግሞ አልጥልም። ባለቤቴ ለጎረቤት፣ «ፊደል ከቆጠረ ወዲህ የመድኃኒቱን ወረቀት ሁሉ እያነበበ፣ ያልያዘውን በሽታ ሁሉ ያዘው» እያለች ታማኛለች። ትማኝ። ለዳኝነቱ ሕጉን ሲሰጡኝ ግን በቃሌ ያዝኩት፤ በኪሴም ያዝኩት።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ። ክረምቱ ወጥቶ ከከተማው ዳር ያለው የግጦሽ ሜዳ ደርቋል፤ ሣሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ነጂዎቹ ሜዳውን አቋርጠው፣ ባሕር ዛፎቹን ዞረው፣ ወደተነሱበት መስመር ይመለሳሉ። መነሻው ቀይ ጨርቅ ማውረድ ነው፤ ጨርቁ በኔ እጅ ነው። ፊሽካም ተሰጥቶኛል። ለኔ ዓይነት ሰው ፊሽካ መስጠት ራሱ ጥፋት ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ይበልጣል ነው። ይበልጣል በባጃጁ ላይ የሌለ ጌጥ የለም፤ ሪባኑ፣ አበባው፣ መስተዋቱ፣ የሚዘፍነው ጥሩምባ። አፉም እንደ ጥሩምባው ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩን ካሁኑ ይጫኑልኝ፤ ኋላ ግርግር ነው» አለኝ። ይኼን እያለ እናቱ እትዬ የሺ ከሕዝቡ መሐል ወጡና፣ «ልጄን አደራህን» ብለው የባጃጁን መስታወት ሳሙት።

ፊሽካዬን ነፋሁ።

«ተሰርዘሃል» አልኩት።

«ምን አድርጌ?»

«ከውድድሩ ውጭ የሆነ ሰው ባጃጅህን ነክቷል።»

«እናቴ እኮ ናት!»

«እናትህ ትወዳደራለች?»

«እኔ ነኝ ከልጄ ውጭ?» አሉ እትዬ የሺ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ከየት የመጣ መስሎህ ነው ይኼ ልጅ? ከሱቅ ነው የተገዛ?»

ሕጉን አውጥቼ አነበብኩላቸው። እናትን የሚመለከት የተለየ ነገር የለበትም። ይበልጣል ባጃጁን ወደ ዳር አወጣ።

ቀጥሎ አንተነህ መጣ፤ ቢጫ ቆብ ያደረገው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ቄስ በሜዳው ሲያልፉ አየና፣ «አባ፣ ይባርኩኝ» አላቸው። ቄሱ ግንባሩን ባረኩት፣ ከዚያም ልጁ አንዴ ለምኖኛል ብለው መስቀላቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። ፊሽካ። እንዲያውም ደንግጬ ነው መሰለኝ ከሌላው ጊዜ አጥብቄ ነፋሁት። ቄሱ ዞር ብለው ትክ ብለው አዩኝና፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ይህን እንደ ይግባኝ ቆጥሬ ውድቅ አደረግኩት።

የሙላት ነገር ግን ከበድ ያለ ነበር። ሙላት ባጃጁን ከመስመሩ ላይ አቁሞ፣ ማንም እንዳይነካበት እጁን እንደ ዶሮ ክንፍ ዘርግቶ ይጠብቃል። በዚህ መሐል አንዲት ላም ከግጦሹ መጣችና ጎኗን በባጃጁ ትታከክ ጀመር። ሕዝቡ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሕጉን አውጥቼ አነበብኩ። «ሰው» ይላል። ላሟን ከጭራዋ እስከ ቀንዷ ተመለከትኳት። «ላሟ ሰው አይደለችም፤ ይለፍ!» ብዬ ፈረድኩ። ሕዝቡ በአድናቆት አጉተመተመ። እኔም ደረቴ ትንሽ ሳይነፋ አልቀረም። ወዲያው የላሟ ባለቤት፣ የገጠር ሰው፣ «ኧረ አንች ከብት!» እያለ ሊያስለቅቃት ሮጦ መጣና፣ እሷን ሲስብ አንዱን እጁን የባጃጁ ጣሪያ ላይ ደገፈ።

ፊሽካ።

«እኔ ላሜን ነው የነካሁት» አለ ሰውዬው።

«በቀኝ እጅህ ላሟን፣ በግራ እጅህ ባጃጁን» አልኩት።

«እንዴት ያለ ክፉ ሰው አገኘን እናንተ» አለ ለላሟ፣ ይዟት ሄደ።

በዚሁ ቀጥዬ አንዱን ጓደኛው ትከሻው ላይ መታ ሲያደርገው ክንዱ ባጃጁን ነካ፣ ሌላውን እህቱ ላቡን ስትጠርግለት ቀሚሷ ጎማው ላይ አረፈ እያልኩ፣ ሜዳውን እንደ መጥረጊያ ጠረግኩት። ሐጂ ከተቀመጡበት በርጩማ ሆነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ «ወንድሜ፣ ለኔ ሞተር ልታተርፍልኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። መምህር ጌትነት ባረቀቀው ሕግ ሰው ሲያልቅ እያየ ወረቀቱን ሊቀማኝ እጁን ይዘረጋና መልሶ ይሰበስባል።

መጨረሻ ላይ ትርንጎ ብቻ ቀረች።

ስለ ትርንጎ ትንሽ ልንገራችሁ። ገበያ ላይ ድንች ስትሸጥ ቆይታ፣ ጥሪቷን አሟጥጣ አንድ ያረጀ ባጃጅ ገዛች። ባጃጁ ከማርጀቱ የተነሳ ቀለሙ ምን እንደነበር ማንም አያስታውስም። ጎማዋን የምለጥፍላት እኔ ነኝ፤ እሷንም እሳደባለሁ፤ እሷ ግን «ይበሉ ይሳደቡ፣ ብቻ አጥብቀው ይለጥፉልኝ» ብላ ትስቃለች። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ካልገፋ ሞተሩ አይነሳም። ጎረቤቶቿም ሲያዩዋት በራቸውን መዝጋት ጀምረዋል። መካኒኩ ይኼ ሞተር ከእንግዲህ አይከርምም፣ ሲቆም ለዘላለሙ ነው ብሏታል። ሞተሩ ከቆመ የእሷም እንጀራ ይቆማል፤ ዕቃዋን ጠቅልላ መርጡለ ማርያም ወንድሟ ቤት መግባቷ ነው። ወንድሟ ደግ ነው። የወንድሟን ሚስት ግን እኔም አውቃታለሁ፤ ከኔ ትብሳለች። እንግዲህ ለሌሎቹ ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ሞተር ለወሬ ነው፤ ለትርንጎ ግን ኑሮ ነው። ይህን ሜዳው ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ቀስ ብላ ወደኔ መጣች።

«ጋሼ፣ የኔ ሳይገፋ አይነሳም።»

«ከገፉሽ ትሰረዣለሽ።»

«ካልገፉኝስ?»

«ካልገፉሽ... ቆመሽ ትቀሪያለሽ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ደስ አላለኝም። ሕዝቡ ዝም አለ። እኔ ስድብ ለምጃለሁ፤ ዝምታ ግን አልለመድኩም። ወረቀቱን ገልበጥ አደረግኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

እትዬ የሺ ከዳር ሆነው ጮኹብኝ።

«አንተ ሰውዬ! ውድድሩ ተጀምሯል?»

«አልተጀመረም።»

«ጨርቁን አውርደሃል?»

«አላወረድኩም።»

«ታዲያ ካልተጀመረ ውድድር ማን ነው ውስጥ፣ ማን ነው ውጭ? እኔም ውጭ ነኝ፤ ልጄም ውጭ ነው፤ አንተም ፊሽካህን አንጠልጥለህ ውጭ ነህ! ገና ማን ገባና ነው ሰው የምታስወጣው?»

መምህር ጌትነት ስልኩን አውጥቶ ከባሕር ማዶው ሕግ ሊያመሳክር ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ደግ አደረገ ኔትወርኩ። እኔ ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ አንቀጿን ደግሜ አነበብኳት። «ከውድድሩ ውጭ» ትላለች። ውድድሩ የታለ? ጨርቁ እጄ ላይ ነው። መስታወቱ ተሳመ አልተሳመ፣ ማንን አስቀደመ? መስቀሉ መሪው ላይ ቢያርፍ ባጃጁ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አለ? እንደዚያ አድርጌ ፊደሎቿን አንድ በአንድ ስለቅም የተጻፈችበትን ምክንያት ረግጬ አልፌያለሁ።

ተነሳሁና ጮክ ብዬ፣ «ይህ ሕግ የሚሠራው ጨርቁ ከወረደ ጀምሮ መስመሩ እስኪታለፍ ድረስ ነው። እስካሁን የተነካ ሁሉ አልተነካም። የተሰረዛችሁ ተመለሱ!» አልኩ።

ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ሰማይ አየሁ።

ነጂዎቹ ወደ መስመሩ ከመመለሳቸው በፊት ተሰብስበው ትርንጎን ገፉ። ይበልጣልም ገፋ፤ እየገፋ ግን፣ «የምገፋሽ ኋላ ሳሸንፍሽ አልነዳችም እንዳይባል ነው» ይላል። ሞተሩ አሳለ፣ አቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ትርንጎ ነዳጁን ጠምዝዛ እንደያዘች፣ «ጋሼ ቶሎ! ቶሎ! ይጠፋብኛል!» ትለኛለች። መምህሩ የመክፈቻ ንግግር አዘጋጅቶ «የተከበራችሁ...» ሲል ጨርቁን አወረድኩት።

ጉዱን ያየ ነው የሚያውቀው። አንተነህ እንደ ጥይት ተተኩሶ ወጥቶ፣ ሜዳው መሐል ሲደርስ ከገበያ የምትመለስ፣ ስለ ውድድሩ ያልሰማች ሴት እጇን ዘረጋች። ልማድ ክፉ ነው፤ ልጁ ፍሬን ይዞ ቆመ። «የት ነዎት?» ሲላት ሁላችንም ሰማን። ሙላት በበኩሉ ከተመልካቹ መሐል አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሲስቅ አየና፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ዞሮ ወደ ከተማ ሸሸ። እስከ ማታ አልተገኘም። ሌሎቹ ባሕር ዛፉ ጋ አንዱ ካንዱ ለማለፍ ሲታገሉ ተጠላልፈው ቆመው፣ ወርደው ይሰዳደቡ ጀመር። ይበልጣል ሊያልፋቸው ሲል የገዛ ራሱ ሪባን በነፋስ መስታወቱን ሸፈነበትና ቆሞ እየረገመ ቀደደው።

ትርንጎ ግን አልቆመችም። መቆም ስለማትችል ነው። ፍሬን ብትይዝ ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ መዞሪያውን ያለ ፍሬን፣ በሁለት ጎማ ዞረችው። ሐጂ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ስንከፍተው... ማለቴ ሲከፍቱት፣ ትርንጎ ከሁሉም ቀድማ ወደኛ እየመጣች ነው። ከመስመሩ በፊት ግን ሜዳው ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍ የሚለውን ስትጀምር ሞተሩ አንዴ ተንገጫገጨና ዝም አለ።

ባጃጁ ቆመ። መስመሩ ድንጋይ ቢወረወር ይደርስ ነበር።

ሕዝቡ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ወደፊት ተነቃነቀ። «እጅ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጨርቁ ወርዷል! የነካት ሰው ሰረዛት!» ሰዉ ሁሉ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላው አደረገ። እትዬ የሺ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ። እኔም እግሬ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ በፊት ሰው ልርዳ ብሎ እግሬ አስቸግሮኝ አያውቅም። ትርንጎ ማንሻውን ትስባለች፤ ሞተሩ እህ ይላል፤ ትስባለች፤ እህ ይላል።

ከኋላ ይበልጣል መጣ። ሪባኑ ተቀዶ፣ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ እየበረረ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ግራም ቀኝም ክፍት ነው፤ አልፏት ሞተሩን መጫን ብቻ ነው የቀረው። እሱ ግን ትርንጎ አጠገብ ሲደርስ ጥሩምባውን አቆመና ቀዝቀዝ አለ። ከኋላዋ ተጠጋ። ግራ እግሩን ወደ ውጭ አወጣና የባጃጇን ኋላ ረገጠ።

ይኼ የከተማችን ነጂዎች ልማድ ነው። አንዱ መንገድ ላይ ከቆመበት ከኋላው የመጣው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቢጣሉም ባይጣሉም፣ ከባጃጁ ሳይወርድ እግሩን ዘርግቶ እስከ ጋራዥ ይገፋዋል። ምስጋና የለበትም፤ ጥያቄም የለበትም። በየቀኑ ስለሚያዩት ልብ የሚለው ሰው እንኳ የለም።

«ፍሬን ልቀቂ!» አላት።

«ለቅቄያለሁ!»

«ማርሹን ፍሪ አርጊው!»

«አድርጌዋለሁ አልኩህ!»

እየተነታረኩ መስመሩን አለፉት። ትርንጎ ከፊት፤ ይበልጣል ከኋላ፣ እግሩ እንደተዘረጋ። ይበልጣል ባጃጁን አቁሞ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «አሸነፍኩ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለችውን ትርንጎን አየ። ከዚያ እግሩን አየ። እንደዚያ በገዛ እግሩ የተናደደ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ! ተገፍታለች! ትሰረዝ!»

«ማን ገፋት?»

«እኔ!»

«አንተ ከውድድሩ ውጭ ነህ?»

«አይደለሁም!»

«እንግዲያ ምን አጠፋች?»

«እኔ አልገፋኋትም ጋሼ፣ እግሬ ነው!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በፊደሏ ብቻ ፈርጄ ሜዳውን ባዶ አድርጌያለሁ። አሁን ፊደሏ ለትርንጎ ታደላለች፤ ተወዳዳሪ ተወዳዳሪን አይንካ የሚል የለባትም። ግን የተጻፈችው ሰው ባልለፋበት ጉልበት እንዳያሸንፍ ነው ካልን፣ ትርንጎስ መስመሩን ያለፈችው በማን ጉልበት ነው? ትርንጎም ይኼው ገብቷት ኖሮ ወረደችና አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ ግፋኝ አላልኩትም፤ ግን ገፍቶኛል። ሞተሩ የሱ ነው ካሉ ይስጡት። እኔ አላኮርፍም» አለች። ካርቶኑን ግን አላየችውም። ለማየት አልደፈረችም።

ይበልጣልን ጠራሁት።

«መንገዱ ጠቦህ ነበር?»

«አልጠበበኝም።»

«ፍሬንህ እምቢ ብሎህ ነበር?»

«ኧረ ምን በወጣው የኔ ፍሬን!»

«ታዲያ ለምን ገፋሃት?»

«ቆማ ነበራ!»

ዝናብ ሲመጣ ለምን ትጠለላለህ ብዬ የጠየቅኩት ይመስል፣ በጥያቄዬ ተገርሞ ነው የመለሰልኝ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማውና አንገቱን አከከ። የእናቱ ፊት መስታወቱን ሲስሙ ከነበረው ይልቅ በራ።

«ትርንጎ አንደኛ፣ ይበልጣል ሁለተኛ» አልኩ። «ሕጉ የሚከለክለው ለማስገፋት የመጣን ሰው ነው። እሷ አላስገፋችም፤ እሱም የገፋት እንድታሸንፍ ብሎ አልነበረም። መንገድ ላይ የቆመን አልፎ መሄድ ግዴታ ነው የሚል አንቀጽ ካለ መምህር ያምጣና ያሳየኝ።»

መምህር ጌትነት ስልኩን ኪሱ ከተተ። ይበልጣል ትንሽ አጉረመረመ፣ ትንሽ መሬቱን ረገጠ፣ «ግን ጋሼ፣ የፈጠንኩት እኔ ነኝ መባል አለበት» አለ። «ተብሏል» አልኩት። አንዳንዱ እስከ ዛሬ ፍርዴ ተገቢ አልነበረም ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ይግባኝ ካለው ጎማውን ይዞ ይምጣ፤ እየለጠፍኩ እሰማዋለሁ።

ሞተሩን ለመጫን ሌላ ጣጣ መጣ፤ የትርንጎ ባጃጅ አይነሳም። ካርቶኑን ይበልጣል ባጃጅ ላይ ጫንነው። እኔም አጠገቡ ተሳፈርኩ። ይበልጣል እግሩን ዘርግቶ ትርንጎን ከፊት እየገፋ፣ ሕዝቡ ከኋላ እየተከተለ፣ ወደ ጋራዡ ተጓዝን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አንድ ሱቅ በር ላይ የቆመ ሰው ግርግሩን አይቶ፣ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ!» አለ ይበልጣል፣ ጥሩምባውን እየነፋ።

ትርንጎ ከፊት አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ዞረች።

«ግፋ ባክህ!» አለችው።